ከቀኝ የሚጀምር ካሬ

ካርቱም፣ ቡሪ
ጥር 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ ለበለጡ፣

እንዴት ከረምሽ? ኮምቦልቻስ እንዴት ናት? እኔ ከጉልበቴና ከእጄ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ጠልቷል፣ እጄ ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለቱም ከእኔ ቀድመው ጡረታ ወጥተዋል። ደብዳቤሽ በሾፌሩ በቢረሳው እጅ ከደረሰኝ ሰንበትበት ብሏል። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ቢረሳው ገዳሪፍ ላይ ጭነት ሲጠብቅ ቆየ፣ እኔም በእሱ አሳብቤ ተኛሁ። የላክሽው በሶ ግን አልተኛም፤ ልጅሽ ጠራርጋ በልታዋለች።

ወደ ጉዳይሽ ልግባ። የሒሳቡ አስተማሪ ሲለቅ ርእሰ መምህሩ የስድስተኛ ክፍልን ሒሳብ በቋንቋ አስተማሪዋ ላይ መጫኑን ሳነብ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከዝንጀሮ ቆንጆ ሲመራርጡ አንቺ ላይ ደረሱ ማለት ነው! "ዳግም ርቢ የሚሉት ለእኔም አልገባኝ፣ ለልጆቹ እንዴት ላስረዳ" ብለሻል። መጽሐፉ "አንድን ቁጥር በራሱ ማባዛት" ይልና ያልፋል። አንቺ መጽሐፉን ዝጊው። ልጆቹ የለስላሳ ቆርኪ ለቃቅመው ይምጡ።

አንድ ቆርኪ አስቀምጡ በያቸው። ይህች ብቻዋን ካሬ ናት። ቀጥሎ በጎኗ አንድ፣ በሥሯ አንድ፣ በጥጓ አንድ ይጨምሩ፤ አራት ሆነ፣ ሁለት በሁለት። በአራቱ ላይ ደግሞ አምስት፤ ዘጠኝ፣ ሦስት በሦስት። ከዚያ ሰባት። የሚጨመረው ሁልጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ነው። "ለምን?" ሲሉሽ አንቺ አትመልሺ፤ ቆርኪው ይመልስላቸው። ሥዕሉ ይኸውልሽ፦

● ○ ○
● ○ ○
● ● ●

ነጫጮቹ የነበሩት አራቱ ናቸው፣ ጥቋቁሮቹ አዲስ የመጡት አምስቱ። ሥዕሉ የልጅሽ የሶፍያ ነው። የእስክሪብቶ ክዳን ቀለም ውስጥ እየነከረች አንድ በአንድ ስታትም ግማሽ ቀን ፈጀባት። የመጀመሪያዋን ነጥብ ከላይ በቀኝ በኩል ማስቀመጧን አስተውለሻል? እኔና አንቺ ከግራ ነበር የምንጀምረው። እሷ በአረብኛ ትምህርት ቤት ስላደገች እጇ ሁሉን ነገር ከቀኝ ይጀምራል። ላርማት ብል፣ "ኻሎ፣ ከቀኝ ሲሆን ዘጠኙ ስምንት ይሆናል እንዴ?" ብላ እኔን አጎቷን ሞገተችኝ። አማርኛ መጻፍ ስለማትችል ደብዳቤ አልላከችልኝም ብለሽ አትዘኚባት። ነጥቦቹ ደብዳቤዋ ናቸው።

ስለ ሌላው ጥያቄሽ፣ ዩኒቨርሲቲዋ እንደተዘጋ ነው። የተቃውሞ ሰልፉ በሰፈራችን ያልፋል፣ አንዳንዴ ጭስ ይገባል፣ መስኮት እንዘጋለን። ሐሙስ ዕለት ከእኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ሰው ሞቷል። ሶፍያ ቤት ነበረች። ማለቴ፣ እኔ ከሥራ ስመለስ ቤት አገኘኋት።

ወንድምሽ ፍሬው


ኮምቦልቻ
የካቲት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ፍሬው፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበትዎን በተመለከተ ቅባት በቢረሳው ልኬልዎታለሁ፤ ማታ ማታ ይታሹበት እንጂ እንደ ባለፈው ለጎረቤት እንዳይሰጡት።

የቆርኪው ነገር አገር አስነሳ። ልጆቹ ከየሻይ ቤቱ በጆንያ እያመጡ ክፍሉን ሞሉት፣ የጥበቃው ሰውዬ "ፋብሪካ ከፈቱ እንዴ?" እያለኝ ነው። ግን ገባቸው። እኔም ገባኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ። የሶፍያን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ስገለብጥ ኤልያብ የሚባል ነገረኛ ተማሪ አለኝ፣ "ቲቸር፣ ካሬው ተገልብጧል" አለ። "ይህ የካርቱም ካሬ ነው፣ ከቀኝ ነው የሚጀምረው" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ በሙሉ ከቀኝ ነው የሚጀምረው። ልጄ ሳታውቀው አርባ ተማሪ አላት ይበሏት።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። ዘጠኙን ወደሚቀጥለው ካሬ አሳድጉ ስላቸው ግማሾቹ አሥራ አምስት ይላሉ። በጎን ሦስት፣ በሥር ሦስት፣ አበቃ። አንዷን የት እንደሚጥሏት አላውቅም። እንዴት ልበላቸው?

ጋሼ፣ "ማለቴ" ያሏትን ቃል አየኋት። እርስዎ ሒሳብ ሲያስተምሩ "ማለቴ" አይሉም ነበር። በስልክ ሳገኛት ልጅቷ "ተማም፣ ተማም" ብቻ ትለኛለች፤ ከ"ደህና ነው" ሌላ ቃል የላትም። ከኋላዋ የሚጮኸው ሕዝብ ግን እኔ ድረስ ይሰማል። ዘንድሮ ሃያ ዓመቷ ነው። አባቷ ሳሊህ ሞቶ፣ እናታችን ታማ፣ ትምህርቷ እንዳይቋረጥ ብዬ እርስዎ ዘንድ ትቻት ስመጣ አደራ ብዬ ነው። ትምህርቱ ከቆመ እዚያ ምን ትሠራለች? ይላኩልኝ። እባክዎን ይላኩልኝ።

እህትዎ በለጡ


ካርቱም፣ ቡሪ
ሚያዝያ 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

በለጡዬ፣

እንኳን ለሆሳዕና አደረሰሽ። ሁለት ደብዳቤሽን በአንድ መልስ ስመልስ አፍራለሁ፤ በመጀመሪያው ልመልስ ስነሳ መንገድ ተዘጋ፣ በሁለተኛው ደግሞ አገር ተገለበጠ። ሬዲዮሽ ነግሮሻል። ሰውዬው ከሥልጣን ወርዷል። ሕዝቡ ግን አልተነሳም፤ ከሠራዊቱ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ድንኳን ተክሎ፣ አንጥፎ፣ ሻይ እያፈላ ተቀምጧል። ሲቪል መንግሥት እስኪሰጡን አንነሳም ይላሉ።

አሥራ አምስት ለሚሉሽ ልጆች ይህን ንገሪያቸው። ጥጓ ከጎንም አይደለች ከሥርም አይደለች። የማንም ስላልሆነች ሁሉም ይረሳታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አሥራ አምስት ቆርኪ ስጫቸውና ካሬ ሥሩ በያቸው። ሲሠሩት አንድ ቦታ ባዶ ይሆናል። የካሬ ጥሩነቱ አንድ ሲጎድል ወዲያው መታየቱ ነው። መቁጠር እንኳ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል።

አሁን የምነግርሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ይህን ዘዴ ሶፍያ ወስዳ ሥራ አድርጋዋለች። እዚያ አደባባይ ድንኳን ውስጥ ትምህርት ቤት ከፍታለች። ተማሪዎቿ ጎዳና ላይ የሚያድሩ፣ የመኪና መስታወት የሚወለውሉና የሻይ ሻጮች ልጆች ናቸው፤ አሥራ ስድስት ናቸው። ከመንገድ የተነቀለ ጡብ አራት በአራት ደርድራ እያንዳንዱን በጡቡ ላይ አስቀምጣዋለች። ስም አትጠራም። ገባ ብላ ታያቸዋለች፣ ማን እንደቀረ ታውቃለች፣ ሄዳ ፈልጋ ታመጣዋለች። ከሁሉም ትንሿ ሀዋ የምትባል ናት፤ ጥጉን ራሷ መርጣ ይዛለች። "ከጥጉ ላይ ሻይ የምታፈላው እናቴ ትታየኛለች" አለችኝ። ኡስታዛ ሶፍያ ዞር ስትል ሹልክ ብላ ወደ እናቷ ትሮጣለች፣ አስተማሪዋም ተከትላ ትመልሳታለች። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው ጨዋታቸው።

ዓርብ ዓርብ በዕረፍቷ የማስተምራት ፋጤም እዚያ አትጠፋም። ወረባቦ የተወለደች፣ እዚህ ቡሪ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ለልጆቹ ምግብ ታደርሳለች።

ሄጄ አየኋት፣ ልጅሽን። ጠመኔዋን ይዛ ስትቆም አንቺን መሰለችኝ። ኮራሁ። ፈራሁም። በእኛም ጊዜ እንዲሁ ዘፍነን ነበር፣ እንዲሁ ዳቦ ተካፍለን ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ልጅ ብትሆኚም ታስታውሺዋለሽ። ሶፍያን ወደ እናትሽ ሂጂ ብላት፣ "ኻሎ፣ ልጆቹን ለማን ልስጣቸው?" አለችኝ። ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማማን። ከዒድ ማግስት በቢረሳው መኪና ትመጣለች፣ ኢንሻላህ። እኔ ራሴ እስከ መተማ አደርሳታለሁ። ቃሌ ነው።

ፍሬው


ኮምቦልቻ
ግንቦት 10 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ ፍሬው፣

ቃልዎን ተቀብያለሁ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከደብዳቤዎ ወዲህ እንቅልፌ ተመልሷል። የኋላውን ክፍል ኖራ አስቀብቻለሁ። የአባቷ ወገኖች ከባቲ መጥተው አይተዋት ሊሄዱ ቀጠሮ ይዘዋል፤ አክስቷ ረሺዳማ "አማርኛውን እኔ አስጠናታለሁ" ብላ ካሁኑ ትፎክራለች።

ትቆጣኝ ይሆናል ብላ ፈርታ ከሆነ አልተቆጣሁም ይበሏት። ተቆጥቼ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም፤ የጡቡን ነገር ሳነብ ግን አለቀስኩ። አስተማሪነት በደም ይወረሳል ለካ። ስም ሳይጠሩ ማን እንደቀረ ማወቅን እኔም ሞከርኩት። አርባ ልጅ ግን ካሬ አይሆን፤ አራት ተርፎብኝ ከፊት አስቀመጥኳቸው፣ ኤልያብን ጨምሬ።

ለዓመቱ መጨረሻ ፈተና አንድ ሥዕል እፈልጋለሁ። አራት በአራት የነበረው አምስት በአምስት ሲሆን የሚያሳይ። እኔ መሣል እችል ነበር፤ ግን የእሷ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ልጆቹ "የካርቱሟ ቲቸር ላከችልን" ማለት ይወዳሉ። በእጇ ይሁን፣ ጋሼ። ነጥቧን አውቃታለሁ።

በሬዲዮ የወታደሮቹና የተቃዋሚዎቹ ድርድር ተቋረጠ ሲሉ ሰማሁ። አስታራቂ እስኪገባ ነው እንጂ ደግ ይሆናል ብዬ ለራሴ እነግራለሁ። ብቻ እስከ ዒድ ያለው ጊዜ ረዘመብኝ። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከፊቱ የቆመው ወታደር ምን እንደሚያስብ አይታወቅም። ከተቻለ ቀደም ብላ ትምጣ። ልጆቹን ፋጤ ትያዝላት።

እህትዎ በለጡ


ካርቱም
ግንቦት 30 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለበለጡ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ለጎረቤቶችሽ፣ ለመምህራኑ በሙሉ፣ ለርእሰ መምህሩም ሳይቀር፣ ለጥበቃው ሰውዬና ለኤልያብም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ባቲ ላሉት ዘመዶችም እንዲሁ። የኮምቦልቻ አየር እንዴት ነው? ዝናብ ጀመረ? እዚህ አንድ ሌሊት ዘንቦ ነበር። አሁን ቆሟል።

ስትደውዪ ስልኬ ዝግ እየሆነ እንዳስጨነቀሽ ቢረሳው ነገረኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ኔትወርኩን ዘግተውታል፣ ሰው ሁሉ እንደዚሁ ነው። በሬዲዮ የሰማሽው ከቡሪ ራቅ ያለ ነው። እኛ ቤታችን ነን።

ያዘዝሽውን ሥዕል ልኬልሻለሁ።

○ ○ ○ ○ ●
○ ○ ○ ○ ●
○ ○ ○ ○ ●
○ ○ ○ ○ ●
● ● ● ● ●

አሥራ ስድስት ነበር፣ ዘጠኝ ተጨመረ፣ ሃያ አምስት ሆነ። በጎን አራት፣ በሥር አራት፣ ጥጓ አንድ። ልጆቹን ጥጓን እንዳይረሱ አስጠንቅቂያቸው። ደግሞ ይህን ብትጠይቂያቸው ደስ ይለኛል፦ ከሃያ አምስት ወደ ሠላሳ ስድስት ለመድረስ ስንት ያስፈልጋል? ከሠላሳ ስድስት ወደ አርባ ዘጠኝስ? የሚጨመረው እየበዛ ይሄዳል፣ ሥርዓቱ ግን አይለወጥም። ቁጥር ደግ ነገር ነው። ትናንት የነበረው ዛሬም አለ።

ሶፍያ ጉንፋን ይዟት ተኝታለች። ሰላም ብላሻለች። ጉሮሮዋ ተዘግቶ ስለሆነ በስልክ ማውራት አልቻለችም። ጉዞው በዚህ ምክንያት ትንሽ ይዘገያል፤ ቢረሳው በዚህኛው ዙር ባዶውን ይመጣል፣ እንዳትደነግጪ። ፋጤ ሥራዋን ለቅቃ ከእኛ ጋር ሆናለች። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ ዳቦ ቶሎ ያልቃል።

ቅባቱን እየታሸሁበት ነው። ጉልበቴ በጣም ተሽሎታል፣ ብዙ እየሄድኩበት ነው።

ወንድምሽ ፍሬው


ኮምቦልቻ
ሰኔ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ፍሬው፣

ሥዕልህ ደረሰኝ። ሰሌዳ ላይ ልገለብጠው ጠመኔ አንስቼ የመጀመሪያዋን ነጥብ እንደለመድኩት ከቀኝ አስቀመጥኩ። ወረቀቱን ሳይ አዲሱ ረድፍ በቀኝ በኩል ነው የቆመው። ከግራ ነው የተጀመረው። ኤልያብ ከፊቴ ተቀምጦ "ቲቸር፣ ዛሬ ካሬው ተስተካከለ" አለ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

የልጄ እጅ አይደለም። ልጄ በሕልሟም ከግራ አትጀምርም። ነጥቦቹ ዳር ዳራቸው ተጨማልቋል፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው ያተማቸው። ያንተ እጅ ነው።

ስልክ ከተዘጋ ጉሮሮዋ ለምን ይዘጋል? ለአንድ ነገር ሁለት ምክንያት የሚሰጥ ሰው አንዱንም አያምነውም። የጎረቤቴ ልጅ ዘምዘም ከካርቱም ሁለት ጊዜ ለእናቷ ደውላለች። የተዘጋው ኢንተርኔት ነው እንጂ ስልክ ይሠራል ትላለች። ከቡሪ ራቅ ያለ ነው ትለኛለህ፤ እኔ ቡሪ ነው የወለድኳት፣ ከዚያ ሰፈር እስከዚያ አደባባይ በእግሬ ስንቴ ተመላልሻለሁ። ማንን ነው የምታሞኘው?

ቢረሳው ደብዳቤህን ቤቴ ድረስ አመጣው። ውሃ እንኳ አልጠጣልኝም። "ሶፍያን አየሃት ወይ?" ስለው ጎንበስ ብሎ ጎማውን ማየት ጀመረ። ትልቅ ሰው፣ ከፊቴ ቆሞ ጎማ ያያል።

ሌላ አልጠይቅህም። ስለ አየር አትንገረኝ፣ ስለ ቁጥር አትንገረኝ። ልጄ የት ናት?

በለጡ


ካርቱም፣ ቡሪ
ሰኔ 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

በለጡ፣

ሶፍያ ቤት የለችም። ሞታለች እያልኩሽ አይደለም። አላውቅም። ከግንቦት 26 ንጋት ጀምሮ አልተመለሰችም።

ፋጤ ያየችውን ልንገርሽ፣ እኔ አላየሁም። አሠሪዎቿ ለዒድ ወደ ገጠር ወጥተው ስለነበር ለልጆቹ ለስሑር፣ ጎህ ሳይቀድ ለሚበላው የጾም ማዕድ፣ የሚሆን ፉል ይዛ ሄዳ ዝናብ ይዟት እዚያው አደረች። ሊነጋጋ ሲል ተኩስ ተጀመረ። ድንኳኖቹ በእሳት ተያያዙ። ሶፍያ ልጆቹን እጅ ለእጅ አያይዛ በጓሮ መንገድ ወደ ቡሪ አወጣቻቸው። የሰፈሩ መግቢያ ላይ አንድ ግንብ ሥር ስትደርስ "ያላ፣ እንደ ክፍላችን ተቀመጡ!" አለቻቸው። ጭስ ነው፣ ለቅሶ ነው፣ ስም ለመጥራት ጊዜ አልነበራትም። አራት በአራት ተቀመጡ። ጥጉ ባዶ ሆነ። ሀዋ አልነበረችም።

አንድ ሲጎድል ወዲያው ይታያል ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ፋጤ ቀሚሷን ይዛ ለምናታለች። ሶፍያ እጇን አስለቀቀችና "ወደ ኻሎ ውሰጃቸው" አለቻት በአረብኛ። ከዚያ በአማርኛ "መጣሁ" አለች። ወደ ኋላ ሮጠች። ፋጤ አሥራ አምስቱን ልጆች ይዛ ደጄን አንኳኳች። እስከ ዛሬ እዚሁ ናቸው፤ ዳቦ ቶሎ ያልቃል ያልኩሽ ይህንን ነው።

ሀዋ በማግስቱ ከእናቷ ጋር መጣች። ዝናቡ ሊጥል ሲል ማንንም ሳትሰናበት ሹልክ ብላ ወደ እናቷ ሄዳ ነበር፤ እናቷም ዕቃዋን ሰብስባ ይዛት ኦምዱርማን ገብታለች። ተኩሱ ሲጀመር ሁለቱም ቤታቸው ተኝተው ነበር። እንግዲህ አሥራ ስድስቱም ሞልተዋል። ልጅሽ የተመለሰችው እዚያ ላልነበረች ልጅ ነው።

ሐኪም ቤቶቹን በሙሉ አዳርሻለሁ። አስከሬን የሚያቆዩበትም ገብቻለሁ፤ የለችም። ወንዙ የሚያወጣውን ለማየት ከሰው ጋር አብሬ ዳር ላይ ቆሜ ውያለሁ፤ ከእነዚያም መሃል አላየኋትም። የታሰሩ አሉ ይባላል። የት እንደሆነ የሚነግር የለም፣ በር ላይ ስም ተናግረሽ ትመለሻለሽ። አንዱ ዘበኛ "ሐበሻ ናት? ታዲያ እዚህ ምን ትሠራ ነበር?" አለኝ። እዚህ ነው የተወለደችው አልኩት። ፊቱን አዞረ።

ስልኬን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ድምፄን ታውቂዋለሽ፣ "ሄሎ" ስል ትለዪኛለሽ። በወረቀት እዋሻለሁ ብዬ ነበር። ነገ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እያልኩ፣ ስትመጣ ራሷ ትንገርሽ ብዬ። የእስክሪብቶ ክዳኗን ቀለም ውስጥ ነክሬ ያንን ሥዕል ስሠራ አራት ወረቀት አበላሸሁ። ከግራ መጀመሬን ልብ አላልኩም።

ልጆቹን በግቢው አራት በአራት አስቀምጬ አስተምራቸዋለሁ፣ ሌላ ምን ላድርጋቸው? ሀዋም ከእናቷ ጋር ጠዋት ጠዋት ትመጣለች። ጥጉ ላይ ግን አልቀመጥም አለች። ራቅ ብላ በሩ ሥር ትቀመጣለች። "የኡስታዛ ቦታ ነው፣ እኔ ነኝ ያስጠፋኋት" ትላለች። 

አትምጪ አልልሽም። ነይም ማለት ይከብደኛል።

ፍሬው


መተማ
ሐምሌ 5 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ ፍሬው፣

መንገዱ ተዘግቶ ጎንደር ላይ ሰንብቼ ትናንት እዚህ ገባሁ። ቪዛው እስኪመታልኝ ቢረሳው ቀድሞ ስለሚያልፍ ይህን በእሱ ላክሁ። እሱም እዚህ ድረስ በነፃ ጭኖ አምጥቶኛል። ጎማ አላየም በዚህኛው ዙር፤ መንገዱን ሙሉ አብሮኝ አለቀሰ።

ስለ ውሸቱ ፊት ለፊት እንነጋገራለን። ዛሬ ለእሱ ጊዜ የለኝም። ጎረቤቶቼ ድንኳን እንትከል ብለው መጥተው ነበር። ረሺዳም ከባቲ ነጠላ አዘቅዝቃ ደርሳ ነበር። ያላየሁትን አላለቅስም ብዬ መለስኳቸው። ቤት ዘግቼ ወጣሁ፣ የኋላውን ክፍል ቁልፍ ይዤዋለሁ።

እስክደርስ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ከእስር የሚፈቱ ሰዎች ሲወጡ በር ላይ ይቁሙና ይጠይቁ። ስሟን ላያውቁት ይችላሉ። ግድግዳ ላይ የተጫረ ነጥብ ያየ ሰው አለ ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ከቀኝ የሚጀምር ካሬ። ልጄ በሕይወት ካለች እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። የመጀመሪያውን ሥዕሏን ይዤ እየመጣሁ ነው፣ ለማያውቋት ሰዎች የማሳየው እሱን ነው።

ልጆቹን አይበትኗቸው። ለእያንዳንዳቸው ቆርኪ ይዣለሁ፤ ኤልያብና ጓደኞቹ አጥበው፣ አድርቀው፣ በጆንያ ጭነውልኛል።

ሀዋን ዛሬውኑ ይጥሯት። እኔ የኡስታዛ ሶፍያ እናት እንዲህ አለች ብለው ይንገሯት። ልጅ ወደ እናቷ መሮጧ ጥፋት አይደለም። ከጥጉ ላይ እናቷ ትታያታለችና እዚያው ትቀመጥ፣ ቦታው የእሷ ነው። የሶፍያ ቦታ ሌላ ነው። እሱን የምፈልገው እኔ ነኝ።

በሩን አይቆልፉ። መጣሁ።

በለጡ